ከዋርካው ሥር የሚጮኸው

ኦክቶበር 1

ዛሬ የካራይ ኦክቶበር፣ የ«አቶ ኦክቶበር» ቀን ነው። ባቄላው፣ በቆሎው፣ ዱባውና የደረቀው ሥጋ በአንድ ድስት ሲንተከተክ ማማ ወንበሯን በሩ ላይ አስቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ያ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ አጭር ሽማግሌ በየቤቱ እየዞረ ድስት ይገልጣል ይባላል። ሙሉ ድስት ካየ አልፎ ይሄዳል፤ ባዶ ካየ ድህነቱን ይዞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይቀመጣል። የማማ ድስት በዚህ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ድህነቱም አልፎን ሄዶ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ አንድ ባለ ባርኔጣ ሰው ሻንጣ እየጎተተ በቀዩ መንገድ ብቅ አለ።

«መጣ! ሊባ፣ ቶሎ በይ ድስቱን አሳዪው!» አለች ማማ።

ሰውዬው ባርኔጣውን ሲያወልቅ ወንድሜ ቴኦፊሎ ሆኖ ተገኘ። ከቦነስ አይረስ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ምንም ሳይነግረን።

«ማማ፣ እኔ ነኝ እኮ! ቴኦ ነኝ!»

«አውቄሃለሁ። ቢሆንም እየው፣ ድስቱ ሙሉ ነው። ሌላ ቤት ሞክር።»

ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ ሳህን ላመጣለት ወደ ኩሽና ገባሁና ትንሽ ቆየሁ። ጭሱ ዓይኔን አቃጥሎኝ ነበር።

የመጣው ለሁለት ሳምንት ነው። ለማማ ጥሩ ነው።

ኦክቶበር 4

ቴኦ ሥራ መፍታት አይችልም። ዕድሜውን በሕንፃ ሥራ ላይ ሽቦ ሲጎትት የኖረ ሰው በወንበር ላይ ሁለት ቀን አይውልም። ዛሬ ሱቄ ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ሱቅ የምለው የቤታችንን የፊተኛ ክፍል ነው። ድሮ ራዲዮ ነበር የምጠግነው። አሁን ራዲዮ የሚያስጠግን ጠፍቶ የሚመጣልኝ ሁሉ ብረት ጠቋሚ ነው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን፣ በታላቁ ጦርነት ጊዜ የሸሹት ሰዎች ብራቸውን ቀብረው እንደሄዱ በዚህ አገር የማያምን የለም፤ ቄሱም ያምናሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግማሹ ወንድ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ በሰው ማሳ ውስጥ ይዞራል።

ከግድግዳው ላይ የፓፓን አሮጌ ጠቋሚ አወረደ።

«ይሄ ይሠራል?»

«ፓፓ ከሞተ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

«እስቲ ነፍስ ዝሪበት።»

የባትሪ ድንጋዩ ማስቀመጫ ዝጎ ነበር። አጸዳሁት፣ ሁለት መገጣጠሚያ በየድኩ፣ ድምፅ ሰጠ። ጎረቤታችን ካራይ ሴኩንዲኖ የራሳቸውን መሣሪያ ሊወስዱ መጥተው ቆመው ያዩ ነበር። እኚህ ሰው ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ የተቀበረ ብር ሲፈልጉ እስካሁን ያገኙት የፈረስ ኮቴ ብረትና የሰርዲን ቆርቆሮ ብቻ ነው።

«አሮጌ ጠቋሚ እንደ አሮጌ ውሻ ነው» አሉት ለቴኦ። «አይሮጥም እንጂ ሽታ አይስትም።»

ኦክቶበር 6

ጮኸ! ከኩሽናው ጀርባ፣ ዋርካው ሥር። ቴኦ እንደ ልጅ እየዘለለ መጣ። ማማ «እባብ ነደፈው?» አለች። ሦስት ጊዜ አልፎበት ሦስቱንም ጊዜ ጮኸ። ካራይ ሴኩንዲኖ አጥሩን ዘለው ገብተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ኦክቶበር 7

ጠዋት መሣሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋድሜ መረመርኩት፤ ያ ጩኸት አላማረኝም ነበር። ጫፉ ላይ ካለው ክብ ሳህን የሚመጣው ገመድ ውስጥ አንዱ ሽቦ ተበጥሷል። ከላይ ፕላስቲኩ ደህና ስለሆነ አይታይም። ገመዱ ቀጥ ሲል ሽቦው ይገናኛል፣ መሣሪያውም ዝም ይላል። ሲታጠፍ ሽቦው ይላቀቅና ይጮኻል። በጠረጴዛዬ ላይ አንድም ብረት ሳይኖር አስጮህኩት።

ዋርካው ሥር ለምን እንደሚጮኽም ገባኝ። እዚያ ጋ የጎረምሳ ጭን የሚያክል ሥር ከመሬት ወጥቷል። ቴኦ እዚያ ሲደርስ ሳህኑን ለማሻገር ክንዱን ያነሳል። ክንዱን ሲያነሳ ገመዱ ይታጠፋል። ሌላ ምንም የለም።

የተበጠሰውን ቦታ በጥቁር ቴፕ ጠቅልዬ ምሳ ላይ ልነግረው ወሰንኩ። «ቴኦ» ብዬም ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ካሳቫ እየላጠ ለማማ «የአውቶቡሴን ቀን አራዝሜዋለሁ፤ ይሄን ነገር ሳላይማ አልሄድም» ይላታል። ማማ ድዷ እስኪታይ ሳቀች።

«ምን ልትዪኝ ነበር?» አለኝ።

«ጨው አቀብለኝ።»

ነገ እነግረዋለሁ። የሚበየድበት ሊድ አልቆብኛል። ሳልጠግነው መናገር ደግሞ ሰውን በከንቱ ማሳዘን ነው።

ኦክቶበር 9

ሊድ ገዛሁ። የሌላ ሰው ሥራ ይቀድማል።

ኦክቶበር 15

ቴኦ ዋርካው ሥር የሚቆፍረው ጉድጓድ ወገቡ ደርሷል። የመጀመሪያው መሄጃ ቀኑ ዛሬ ነበር፣ አልሄደም። ማንም አላነሳው።

ካራይ ሴኩንዲኖ በየቀኑ ይመጣሉ። ሕጉን የሚያስከብሩት እሳቸው ናቸው። ጉድጓድ ላይ አይወራም። የመጀመሪያው ድርሻ ብሩን ቀብሮ ለሞተው ሰው ነፍስ ቅዳሴ ማስቀደሻ ነው። አንድ ቆፋሪ እንኳ በልቡ ከተስገበገበ ብሩ ከሰል ይሆናል። ይሄን የሚናገሩት ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብለው ስለሆነ የመጀመሪያውን ሕግ በየቀኑ የሚያፈርሱት ራሳቸው ናቸው።

ከአጥር ማዶ ሁለት ሴቶች ሲሳሳቁ ሰማሁ። «ከቦነስ አይረስ ድረስ መጥቶ አፈር ይበላል» አለች አንደኛዋ። «እህቱ የመሣሪያ ሐኪም አይደለችም እንዴ? ምነው አትነግረውም?» አለች ሁለተኛዋ። ምኑን ነው የምነግረው? ምን ታውቃለች እሷ?

ከሰዓት ጥላው ሥር ተቀምጠን የቅጠል መጠጣችንን፣ ቴሬሬን፣ ጠጣን። ቀዝቃዛውን ውሃ እየቀዳሁ ዋንጫውን ለማማ፣ ለቴኦ፣ ለራሴ አዞርኩ። ቴኦ ልጅ ሳለን ፓፓ ጥጃ መስሎት በማታ የጎረቤት አህያ ይዞ የመጣበትን ቀን አወራ። ማማ በሳቅ ተንፈራፈረች። ማታ ያለ መድኃኒት ተኛች። ለማማ ስል ነው እንጂ እኔማ ነገሩን ድሮ በጨረስኩት።

ኦክቶበር 23

ጉድ ፈልቶ ነበር። ካራይ ሴኩንዲኖ አዲስ መሣሪያ ገዙ፤ ስክሪን ያለው፣ የሚያወራ። ያንን ይዘው መጥተው «አሮጌውን ግድግዳ ላይ ስቀለው። ዘመናዊው ይናገር» አሉ።

ቴኦ አዲሱን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ከዳር እስከ ዳር አዞረው። ዝም። ደግሞ አዞረው። ዝም። ሥሩን ተሻገረ። ዝም።

ካራይ ሴኩንዲኖ አንገታቸውን ደፉ። «ምንም የለም፣ ልጄ።»

እኔ በልቤ ሻንጣውን ሳስር ነበር። ቴኦ ግን ግንባሩን ጠራርጎ «አዲስ ነገር የኛን አፈር መች ያውቀዋል?» አለና የፓፓን መሣሪያ አንስቶ ሥሩ ላይ ክንዱን ከፍ አደረገ። ጮኸ።

«ይኸው» አለ።

ሲናገር ወደ እኔ አላየም። እንዲህ ያለ ሞኝ መሆኑን አላውቅም ነበር። በልጅነቱ እንኳ ሁሉን ፈታቶ ካላየ የማያምን ነበር።

ኖቬምበር 2

የሙታን ቀን። ፓፓ መቃብር ላይ ሻማ አበራን። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ጉድጓዱ ውሃ ይዟል፣ በኩሽናው ግድግዳ ላይ ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አየሁ። ማማ «ቤቱ ሽማግሌ ነው፣ ይቆረጥመዋል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ዛሬ ሳልጠግነው አላድርም ብዬ መሣሪያውን አነሳሁ። ገመዱ ላይ ያለውን ቴፕ ሳይ እኔ ወደ ቀኝ ነበር የምጠቀልለው፣ ይሄ ወደ ግራ ተጠቅልሏል፤ ደግሞም ከኔ ይልቅ ያምራል። ረስቼው ይሆናል። እጄም ደክሞ ነበር፣ መልሼ አስቀመጥኩት።

ኖቬምበር 11

ቴኦ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ሆን ብዬ አይደለም፣ መስኮቱ ክፍት ነበር። «አይ፣ አልጨረስኩም። እዚህ ሥራ ይዣለሁ... አልጋውን ውሰጂው። ማንቆርቆሪያውንም። ቁልፉን ለአከራዩ ስጪልኝ።»

ንጹሕ ሰው ነው፤ የማይጠቅመውን ዕቃ ያስወግዳል።

ጉድጓዱ ከቁመቱ አልፏል። መሰላል አስገብቷል። ዳሩን በሳንቃ ደግፍ ብለው እሺ ይላል፣ አይደግፍም። ሰማዩ በየቀኑ ይጠቁራል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉታል ይሄን። ነገ። በእውነት ነገ።

ኖቬምበር 14

ተናደ። ከሰዓት። አፈሩ እስከ ደረቱ ዋጠው። ጮህኩ። ጎረቤት ሁሉ መጣ። በአካፋ አይሆንም፣ ይመታዋል፣ በእጃችን ቆፈርን። ቴኦ «ቀስ፣ ቀስ በሉ» ይላል፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። ማማ ከላይ ስሙን ትጠራለች። ወጣ። እግሩ ተልጧል። ሌላ ምንም አልሆነም። ምንም። ምንም።

ኖቬምበር 15

ቴኦ ተኝቷል። ማማ ተኝታለች። ጥፍሮቼ ውስጥ ያለው አፈር በሳሙና አልወጣ አለኝ።

ከክር በምትቀጥን ሽቦ ምክንያት ወንድሜን ልቀብረው ነበር። እያወቅሁ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ በኔ ዝምታ ግን ሬሳ ሊገባ ነበር። ለማማ ስል ነው፣ ለማማ ስል ነው እያልኩ እዚህ ደብተር ላይ ስጽፍ ከረምኩ። ማማ ትናንት እዚያ ጉድጓድ አፍ ላይ ተንበርክካ ሳያት እንኳ ለማን ስል እንደሆነ አልጻፍኩም። ዛሬም አልጽፍም፣ እጄ እምቢ ይላል።

ቀኑን ሙሉ ሱቁን ዘግቼ ገመዱን ሠራሁት። የተበጠሰውን ቆርጬ ጣልኩ፣ ካውያዬን አግዬ አዲስ ሽቦ በየድኩ፣ አለበስኩት። ጠረጴዛው ላይ አጠፍኩት፣ ጠመዘዝኩት፣ በቋጠሮ አሰርኩት። ዝም። የማማን የስፌት ቀለበት ሳስጠጋለት ጮኸ። ሳርቀው ዝም። በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ ሥራ አልሠራሁም፤ እንደዚህም ያስከፋኝ ሥራ የለም።

እኔ አልነግረውም። ራሱ ይዞት ይውረድ፣ ራሱ ዝምታውን ይስማ። ከዚያ ይሄዳል። ይሂድ። በሕይወቱ ይሂድ።

ኖቬምበር 18

እግሩ ሲሻለው መጀመሪያ ዳሮቹን በሳንቃ አስደገፍኩት፤ ካራይ ሴኩንዲኖና ሁለት ጎረቤቶች አገዙት። ከዚያ መሣሪያውን ሰጠሁት።

ገመዱን በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ጠገንሽው?»

«ጠገንኩት።»

«መቼ?»

«ሰሞኑን።»

«እሺ» አለ። ሻንጣህን አዘጋጅ የተባለ ሰው ነበር የሚመስለው። መሰላሉን አንድ በአንድ ወረደ። እኔ ፊቴን ወደ ኩሽናው አዞርኩ፤ ዝም ሲል ላለማየት።

ዝም አላለም።

ያ የድሮው የተሰነጠቀ ጩኸት አልነበረም። አንድ ረጅም፣ ሙሉ፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ። ሮጬ ወደ ታች አየሁ። ገመዱ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ክንዱም አልተነሳም። ሳህኑን ወደ ዳር ሲወስደው ድምፁ ሳሳ፣ ወደ መሃል ሲመልሰው ወፈረ። ቴኦ ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሊባ፣ በደንብ ነው የጠገንሽው?»

«በደንብ።»

«በማማ ማይ።»

«ማማ ትሙት።»

ማማ ከወንበሯ «እኔን ለምን ታስገቡኛላችሁ?» አለች። ቴኦ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ሲቆፍርበት የከረመው ድምፅ አሁን ለምን እንደዚያ እንዳስደነገጠው አልገባኝም።

ማታ

ነቅዬ፣ ፈትቼ፣ ሁሉንም አየሁ። እንከን የለውም። ግቢውን ሙሉ አዞርኩት፣ ዝም። ጉድጓዱ ውስጥ በገመድ ሳወርደው ይጮኻል። እንደገና ፈታሁት። እንደገና ገጠምኩት። እዚያ ታች አንድ ነገር አለ። የካራይ ሴኩንዲኖ አዲሱ መሣሪያ ያልሰማው ያኔ ጉድጓዱ ገና ጥልቅ ስላልነበር ነው። ፈራሁ። ግን ጉድጓዱ የተናደ ዕለት የያዘኝ ዓይነት ፍርሃት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻዬን ስሆን የሚይዘኝ ዓይነት ነው።

ኖቬምበር 19

ቆሜ ያየሁትን ሳይጠፋብኝ ልጻፍ።

ጠዋት ቴኦ መቆፈር ጀመረ። ዛሬ ካራይ ሴኩንዲኖ እንኳ አላወሩም። አፈሩ ከቀይ ወደ ግራጫ ተቀየረ፣ ከዚያ አካፋው ጥቁር ይዞ ወጣ። ከሰል። የተነባበረ፣ እጅ ሙሉ ከሰል።

ካራይ ሴኩንዲኖ አማተቡ። «ተለወጠ! ሆነ! ከመካከላችን የተስገበገበ አለ!» አፈሩን በገመድ የሚያወጡት ሁለቱ ጎረቤቶች ወዲያው ገመዱን ለቀው ወደ ኋላ ሸሹ። «በቃ ቴኦ፣ ውጣ» አሉት ካራይ ሴኩንዲኖ። «ከሰል የሆነ ብር አይመለስም። ከዚህ በኋላ መቆፈር ሞት ነው።»

ቴኦ አካፋውን ተደግፎ ወደ እኔ ቀና አለ። በላቡ ላይ ከሰሉ ተለጥፏል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ሰሞኑን ሁሉ አንድ እውነት ከአፌ ያልወጣ ሰው ነኝ። ዛሬ አንድ ነበረኝ።

«ከሰል አይጮኽም» አልኩት።

አካፋውን ጣለና በጉልበቱ ተንበርክኮ በእጁ ይጠርግ ጀመር። ከሰሉ ሥር አመድ፣ አመዱ ሥር የበሰበሰ ቆዳ። ቆዳውን ሲገልጠው አረንጓዴ ነገር ታየ። ክብ ነው። «ጋን ነው፣ ጋን ነው!» አሉ ካራይ ሴኩንዲኖ፤ የተቀበረ ብር ሁልጊዜ በጋን ነው የሚባለው። ቴኦ መዳፉን አሳረፈበት፣ ዙሪያውን ዳሰሰ፣ ከዚያ ሳያስበው በጣቱ አንጓ መታ አደረገው።

አፈር ሞልቶበት ስለነበር ድምፁ የታፈነ ነበር። ቢሆንም ሁላችንም ሰማነው። ማንም ጋን ነው ያለ አልነበረም ከዚያ በኋላ። ማማ ከወንበሯ ተነሳች፤ ማንም ሳይደግፋት ተነሳች።

«ደወል ነው» አለች።

ኖቬምበር 20

የመንደራችን የናራንሃቲ ሰው ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ነው። ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አይቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ደግሞ ይመጣል። ማንም አይጮኽም። ሕፃናቱ እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

ከላይ ያለውን አመድ ስንጠርግ ፊደሎቹ ወጡ፦ «ሳንታ ባርባራ ሆይ፣ ጸልዪልን»። የኛ ቤተ ጸሎት ሳንታ ባርባራ ናት። ደወል የላትም። ከተወለድኩ ጀምሮ ለቅዳሴ የምንጠራው በተንጠለጠለ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የየመንደሩ ደወል ለመድፍ ሲቀልጥ የኛም አብሮ ሄዷል ነው የሚባለው። ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም።

ምላሷ ተነቅሎ ለብቻው በላም ቆዳ ተጠቅልሎ ውስጧ ተቀምጧል። ሲሸከሟት እንዳትናገርባቸው ነው።

«ማን ቀበራት?» አለ ቴኦ።

«ሴቶቹ ናቸው» አለች ማማ። «ወንድ የት ነበረ? ሁሉም ጦር ሜዳ ነበር። የቀሩት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው፤ እነሱም ርሃብ ላይ።»

«ከሰሉስ?»

«ከሰል ያየ ቆፋሪ ምን ያደርጋል? ሴኩንዲኖን አላየኸውም? እግሬ አውጪኝ ይላል!»

ሁሉም ወደ ካራይ ሴኩንዲኖ ዞረ። ምስኪን፣ ፊታቸው ቀላ። አባቶቻችን ሁሉ ብሩ ከሰል ሆነ ሲሉ ኖረዋል። ስንቱ ከከሰል ላይ ተመልሶ እንደሄደ አሁን ማን ያውቃል።

ማማ ቀጠለች። «አያቴ ያኔ ሕፃን ነበረች። ደወላችንን ለመድፍ ወሰዱት እያለች ስታለቅስ ሰምቻታለሁ። ግን ይሄን ዋርካ ማንንም አታስነካም ነበር። ሥሩ ኩሽናችንን ሲሰነጥቅ አባቴ መጥረቢያ ይዞ ቢመጣ ዛፉን አቅፋ ቆመች። ሰው ከቤቱ አጠገብ ዋርካ ይተክላል እንዴ? ይሄ ለምልክት የተተከለ ካስማ ነው፣ ኋላ የበቀለ።»

የማማ አያት ታውቅ ነበር ወይስ እናቷ ዛፉን ተዪው ስላለቻት ብቻ ነው? ማማ አታውቅም። እኔም አላውቅም። ለጠላት ላለመናገር የጀመሩት ዝምታ ለልጅም ሳይነገር ቀረ። የሚያውቁት ሁሉ ሞቱ፣ ዛፉ ብቻ ቀረ።

ማታ ተቀምጬ ይሄን አስባለሁ። ካስማው በቀለ። ሥሩ ከመሬት ወጣ። ሥሩን ለመሻገር ቴኦ ክንዱን አነሳ። የተበላሸው ገመድ ጮኸ። ሴቶቹ የተከሉት ምልክት ሥራውን ሠራ፤ የሠራው ግን በኔ ሰነፍ እጅና በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ነው። በጊዜ ጠግኜው ቢሆን... አልጨርሰውም ይሄን ዓረፍተ ነገር። ራሴን ጥሩ ሠራሁ ብዬ ላወድስ አልፈልግም፤ ወንድሜን ልገድለው ነበር። ግን መገረሜን መደበቅ አልችልም። የማውቀው ሙያ ሁሉ ተደምሮ ይሄን አያስረዳልኝም።

ኖቬምበር 24

አወጣናት። በሬ፣ ገመድና የመንደሩ ትከሻ። ካራይ ሴኩንዲኖ ሸክላ እንደሚያሸክም ሰው ከሥሯ እየዞሩ «ቀስ! ቀስ!» ይላሉ። ኋላ አጠገቤ ተቀመጡ።

«ሊባ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ፈለግሁ። ሌላው ቀርቶ በሕልሜ ቆፈርኩ። ለናንተ ግን...» አሉና እንባቸው መጣ። «እናንተ ደግሞ የምትፈልጉ እንኳ አትመስሉም ነበር።»

ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን አንድ ባለ ጥሩ መኪና ሰውዬ መጥቶ አሮጌ ነገር እገዛለሁ አለ። ማማ በባዶ ሆድ እንዳይሄድ ምሳ አብልታ ሸኘችው። የመንደሩ ሰው ጥያቄውን ለመመለስ እንኳ አልተሰበሰበም።

ዲሴምበር 4

የሳንታ ባርባራ በዓል። ከቤተ ጸሎቱ በር ላይ፣ ቴኦ ባቆመው የእንጨት መስቀያ ላይ ሰቀሏት። ምላሷን እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ የኔ ሙያ አይደለም፣ ግን ማንም አልተከራከረኝም።

ገመዱ ለማማ ተሰጠ። ማማ ሁለት ጊዜ ስባ አቃታት። ቴኦ ከኋላዋ ሊያግዛት ሲል «እጅህን!» አለችው። በሦስተኛው ደወለች።

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሐዲዱን ስንሰማ ላደግን ለኛ ደወል ማለት ጠንካራ ነገር ነበር፣ የሚቆርጥ። ይሄኛው አይቆርጥም። ወጣና በብርቱካኑ ማሳ ላይ ተዘረጋ፣ ኮረብታው ጋ ደረሰ፣ ለመመለስም አልቸኮለ። ውሾቹ ዝም አሉ። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የተንበረከኩት ካራይ ሴኩንዲኖ ናቸው። ይሄን ድምፅ መጨረሻ የሰሙት እነዚያ ሴቶች ናቸው። የነሱ ጆሮ ከሰማው በኋላ የኛ ጆሮ ነው የሰማው፣ በመካከል ማንም የለም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ቴኦ መሐረቡን ሰጠኝ፣ እሱም እርጥብ ነበር።

ዲሴምበር 5

ዛሬ ጉድጓዱን መሙላት ጀመርን። ቴኦ በአካፋ ይመልሳል፣ እኔ ዳር ቆሜ ቴሬሬ አቀብለዋለሁ። ኩሽናው አፈሩ ሲመለስለት ይቆማል ብሏል።

«እንግዲህ» አለ አካፋውን ሳያቆም፣ «ይሄ ሲሞላ ሥራው አለቀ።»

ዋንጫውን አስቀመጥኩ። ከዚህ በላይ ማሳደር አልቻልኩም።

«ቴኦ፣ የገመዱ ሽቦ እንደተበጠሰ ከመጀመሪያው ሳምንት አውቅ ነበር። ያ ጩኸት ውሸት ነበር። እያወቅሁ ዝም አልኩህ፣ አፈሩም በላህ።»

«እኔም አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሽቦ ስጎትት አይደል እንዴ የኖርኩት? በማግስቱ ቴፑን ፈትቼ አየሁት። አንቺ አይተሽ ዝም ማለትሽ ሲገባኝ መልሼ ጠቀለልኩት።» አካፋውን ተደገፈ። «አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ገመዱን ጠግነሽ የሰጠሽኝ ቀን፣ በቃ ሂድ ማለትሽ ነው ብዬ ነው የወረድኩት።»

«ታዲያ ውሸት መሆኑን እያወቅህ ለምን ቆፈርክ?»

«ቁጭ ብዬ የምውል ከሆነ ሂድ እባላለሁ። እየቆፈረ ያለን ሰው ማን ሂድ ይለዋል?»

«ማማ አርጅታለች» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«ማማ ሁለታችንንም ቀብራ ነው የምትሞተው። እሷን ተያት። አንቺስ?»

መንገዱን አየሁ። ዛፉን አየሁ። ሌላ የማየው ነገር አልቆ ወደሱ ዞርኩ።

«አትሂድ» አልኩት። «ብቻዬን ነኝ። አትሂድብኝ።»

ፊቱን በክንዱ ጠረገና ያንን ሁሉ የአፈር ክምር በዓይኑ ለካው።

«ይቺን በኦክቶበር ብትናገሪ ኖሮ አንድ አካፋ አልቆፍርም ነበር።»

«ደወሏም እዚያው ትቀር ነበር።»

«ትቀር ነበር» አለ። ከጉድጓዱ ወጥቶ አካፋውን እጄ ላይ አስቀመጠው። «አልሄድም። በይ ያዢ። ብቻዬን ቆፍሬ ብቻዬን ልሙላው እንዴ?»

ተቀብዬው እስኪመሽ ሞላሁ።